ድረ ገጽ «ክሊፕቦርድህን ልይ?» ሲል ምን ያያል? የክሮምና የፋየርፎክስ ሴቲንግ

ቢሮ_አይቲ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። ዊንዶውስ 11 ላይ በብዛት የምንጠቀመው ክሮም ነው። ሰነድ የሚቀይር አንድ ድረ ገጽ ስንከፍት አድራሻው አጠገብ «ወደ ክሊፕቦርድ የተቀዱ ጽሑፎችንና ምስሎችን ማየት» ይፈልጋል የሚል መልእክት ይመጣል፤ ከሥሩ ፍቀድ እና ከልክል አለ (ክሊፕቦርድ ኮፒ ያደረግነው ነገር ፔስት እስኪደረግ የሚቀመጥበት ቦታ ነው)። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሒሳብ ሠራተኞች የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የደንበኛ ስልክና የይለፍ ቃል ቀኑን ሙሉ ኮፒ ፔስት ሲያደርጉ ነው የሚውሉት።

«ፍቀድ» ከተባለ ሳይቱ የሚያየው በዚያች ደቂቃ ያለውን ብቻ ነው ወይስ ከዚያ ወዲህ የሚቀዳውን ሁሉ? ታቡ ከኋላ ተከፍቶ ቢቀመጥስ? «ከልክል» ብንል ኮንትሮል + ቪ መሥራቱን ያቆማል? ሁለት ማሽኖች ላይ ፋየርፎክስ አለ፤ እዚያ ውስጥ ይህን ሴቲንግ ፈልጌ አጣሁት። አይጠይቅም ማለት ዝም ብሎ ይሰጣል ማለት ነው? ሙሉ በሙሉ መዝጋት ከተቻለ ምን ምን ሥራ እንደሚበላሽም ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ዌብ_ገንቢ

ሰላም ወንድሜ። ክሮም ላይ ፈቃዱ የሚሰጠው ለሳይቱ ነው እንጂ ለአንዲት ፔስት አይደለም። አንዴ «ፍቀድ» ካልከው ሳይቱ ፈቃዱን ይዞ ይኖራል፤ ነገ ስትመለስም አይጠይቅህም። ከዚያ በኋላ ክሊፕቦርዱን ለማንበብ ምንም በተን እንድትጫንለት አይጠብቅም። የቀረችው አጥር አንዲት ናት፦ በዚያ ቅጽበት ከፊትህ ያለውና እየሠራህበት ያለው ገጽ እሱ መሆን አለበት። ከኋላ የተቀመጠ ታብ ሊያነብ ቢሞክር ክሮም አይፈቅድለትም፣ ስህተት ይመልስለታል።

አጥሯ ግን የምታስተማምን አይደለችም። ገጹ ተጠቃሚው ወደ ታቡ የተመለሰበትን ቅጽበት ማወቅ ይችላል። ሠራተኛዋ ኤክሴል ላይ የይለፍ ቃል ኮፒ አድርጋ ወደዚያ ታብ ተመልሳ ገጹን ጠቅ ካደረገች፣ ፔስት ባትልም ገጹ ሊያነበው ይችላል። በመሐል ሦስት ነገር ኮፒ አድርጋ ከሆነ የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ የዊንዶውስን የክሊፕቦርድ ታሪክ ድረ ገጽ አይደርስበትም። ገጹ ውስጥ የተሰካ የሌላ ድርጅት ማስታወቂያም በራሱ ማንበብ አይችልም፤ ባለቤቱ ገጽ አስቦበት ፈቃዱን ካላወረሰው በስተቀር። በኤችቲቲፒኤስ ያልተከፈተ ገጽ ደግሞ ከነጭራሹ መጠየቅም አይችልም።

«ከልክል» ብትሉ ኮንትሮል + ቪ አይቆምም። ሁለቱ የተለያየ በር ናቸው። ፈቃዱ የሚመለከተው ሳይቱ በራሱ ተነስቶ የሚያነብበትን መንገድ ነው። ኮንትሮል + ቪ ስትጫን ግን አንተ ራስህ እየሰጠኸው ስለሆነ ብራውዘሩ ሳይጠይቅ ያስተላልፋል። ስለዚህ ሰነድ ለሚቀይረው ሳይት «ከልክል» ብላችሁ ጽሑፉን በኪቦርድ ፔስት ብታደርጉ ሥራው ሊሄድላችሁ ይገባል። የሚበላሹት ሳይቱ ራሱ የሠራው «ፔስት» የሚል በተን፣ ሳይቱ በራሱ ዲዛይን ያወጣው የቀኝ ክሊክ ሜኑ እና በብራውዘር ውስጥ የሚከፈት ሪሞት ዴስክቶፕ ናቸው። የመጨረሻውን የምትጠቀሙ ከሆነ ለዚያ አድራሻ ብቻ ፍቀዱ።

ፔስት ስታደርጉ የሚሄደው ዓይናችሁ የሚያየው ጽሑፍ ብቻ እንዳልሆነም እወቁ። ከወርድ ኮፒ የተደረገ አንቀጽ ከጽሑፉ ጋር ቅርጹን የሚይዝ የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) ቅጂም ይዞ ይወጣል። የዚያን ቅጂ አናት ብትከፍተው በሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ ቀጥሎ የዊንዶውስ ተጠቃሚው ስም፣ አፕዳታ፣ ቴምፕ እያለ የሚወርድ የፋይል አድራሻ ታገኛለህ። የሠራተኛዋ የመግቢያ ስም ከአንቀጹ ጋር ተጭኖ ሄደ ማለት ነው። ለማያምኑት ሳይት ኮንትሮል + ሺፍት + ቪ ይጠቀሙ፣ ጥሬ ጽሑፉን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ወይም መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጎ ከዚያ እንደገና ኮፒ ማድረግ ነው፤ ይኼኛው የትም ይሠራል።

ቅንብሩ ያለው እዚህ ነው፦ ከላይ በቀኝ ሦስቱ ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ግላዊነትና ደኅንነት፣ የሳይት ሴቲንግስ፣ ተጨማሪ ፈቃዶች፣ ክሊፕቦርድ። «ሳይቶች እንዳያዩ ከልክል» የሚለውን ምረጥ። ከሥሩ ቀድሞ የተፈቀደላቸው ሳይቶች ዝርዝር አለ፤ ነባሪውን ስትቀይር እነሱ አብረው አይሰረዙም፣ አንድ በአንድ አጥፋቸው። ኤጅና ብሬቭም የክሮም ዘር ስለሆኑ ተመሳሳይ ሴቲንግ አላቸው።

ፋየርፎክስ ዝም ብሎ አይሰጥም፣ ከክሮም የጠበቀ ነው። ድረ ገጾች ጽሑፍ እንዲያነቡ መንገዱን የከፈተው በ125ኛው ቅጂ፣ እ.ኤ.አ. 2024 ላይ ነው። የሚጠይቀውም በየጊዜው ነው፦ አንድ ነገር ጠቅ ስታደርግና ሳይቱ ለማንበብ ሲሞክር ከማውሱ ጫፍ አጠገብ «ፔስት» የምትል ትንሽ ሜኑ ብቅ ትላለች። እሷን ከተጫንክ ለዚያች አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ሌላ ቦታ ከተጫንክ ይከለክላል። የሚቀመጥ ፈቃድ ስለሌለ ነው በሴቲንግ ውስጥ ዝርዝር ያጣኸው። ሳፋሪም ከ13.1 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ፣ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። በሁለቱም ላይ የተቀዳው ነገር ከዚያው ሳይት ከሆነ ጥያቄው አይመጣም፤ የራሱን ጽሑፍ ስለሆነ የሚያነበው አትደንግጥ።

ቀበሮ_22

ፋየርፎክስ ላይ ጭራሽ መገላገያ አለ። አድራሻ መጻፊያው ላይ አባውት ኮሎን ኮንፊግ ብለህ ግባ፣ መፈለጊያው ላይ ክሊፕቦርድኢቨንትስ ብለህ ጻፍ፣ የምታገኘውን «ትሩ» ወደ «ፎልስ» ቀይር። አለቀ፣ ማንም ሳይት ክሊፕቦርድህን አይነካም።

ዌብ_ገንቢ

@ቀበሮ_22 ወንድሜ፣ ይህ ምክር በየቦታው ይዞራል፤ የሚሠራው ግን ሌላ ሥራ ነው። ያ ሴቲንግ የሚያጠፋው ተጠቃሚው ኮፒ፣ ከት ወይም ፔስት ባለ ቁጥር ለገጹ የሚደርሰውን ማሳወቂያ ነው። የሚጠቅመው የይለፍ ቃል ሳጥን ላይ ፔስት የሚከለክሉ ሳይቶችን ለማለፍና ኮፒ ያደረግከው ዓረፍተ ነገር ጫፍ ላይ «ሙሉውን እዚህ ያንብቡ» ብለው ሊንክ የሚለጥፉትን ለማስቆም ነው። በተን ስትጫን ሳይቱ የራሱን ጽሑፍ ክሊፕቦርድህ ላይ እንዳይጽፍ ግን አይከለክለውም። በአንጻሩ በመስመር ላይ የሚሠሩ የጽሑፍ አርታኢዎችን ያውካል፤ ጉግል ዶክስ ላይ ኮፒና ፔስት ይበላሻል፣ ምስል ፔስት ማድረግም ይቀራል። ቢሮ ውስጥ ካደረግከው በማግስቱ ስልክህ አያርፍም።

እዚያው ገጽ ላይ ክሊፕቦርድ ብለህ ስትፈልግ በስሙ ውስጥ «ቴስቲንግ» የሚል ቃል ያለበት ሌላም ታገኛለህ። «የፔስት በተኑ እንዲሠራ ትሩ አድርገው» የሚል ምክር ካጋጠመህ አትንካው። እሱ የተሠራው ለሙከራ ነው፤ ከተከፈተ ያቺ ትንሽ ሜኑ ትቀርና ሳይቶች ሳይጠይቁ ያነባሉ።

ሰርቨር_ጠባቂ

ስለ ማንበቡ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ሳይቱ ክሊፕቦርዱ ላይ *የሚጽፈው*። ለማንበብ ብራውዘሩ ይጠይቃል፤ ለመጻፍ ግን አይጠይቅም። ገጹ ላይ የትም ቦታ አንዴ ጠቅ ማድረግህ ይበቃል። «ከልክል» ያልከው የክሮም ሴቲንግም ይህን አይዘጋውም። የተሠራበት ምክንያት ጥሩ ነው፣ «ሊንኩን ኮፒ አድርግ» የሚሉ በተኖች በሙሉ የሚሠሩት በዚህ ነው። ማሽን የሚያስወስደውም ግን በዚሁ በር የሚገባው ነው።

ከ2024 ጀምሮ በሰፊው የተዛመተ፣ የደኅንነት ባለሙያዎች ክሊክፊክስ የሚሉት ማጭበርበሪያ አለ። ገጹ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል የተለመደ ሳጥን ያሳያል። ሳጥኑን ስትጫን ገጹ በዚያች ክሊክ ትእዛዝ ክሊፕቦርድህ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ሦስት መመሪያ ይመጣል፦ የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጫን፣ ኮንትሮል + ቪ ተጫን፣ ኢንተር በል። የሚከፈተው የዊንዶውስ «ረን» ሳጥን ነው፤ ፔስት የሚደረገውም ብዙ ጊዜ በፓወርሼል ወይም በኤምኤስኤችቲኤ (ዊንዶውስ ውስጥ ያሉ ትእዛዝ ማስኬጃዎች) የሚጀምር፣ ከኢንተርኔት ቫይረስ አውርዶ የሚያስነሳ ትእዛዝ ነው።

ሰው ለምን አይነቃም? «ረን» ሳጥን ጠባብ ነው። ረጅም መስመር ሲለጠፍበት ጠቋሚው መጨረሻው ላይ ይቆምና የሚታየው የመስመሩ ጅራት ብቻ ይሆናል። አጭበርባሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ከትእዛዙ በኋላ የሃሽ ምልክት (#) አስገብተው «ሮቦት አይደለሁም፣ የማረጋገጫ ቁጥር» የሚል ጽሑፍ ይቀጥላሉ። ከሃሽ በኋላ ያለውን ፓወርሼል እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ ይዘለዋል፤ ሰውየው የሚያየው ግን እሱን ብቻ ነው። ወደ ግራ በቀስት ቢሄድ ሙሉ ትእዛዙን ያገኘው ነበር።

ፋይል ዳውንሎድ ተደርጎ በተጠቃሚው ስላልተከፈተ «ይህ ፋይል ከኢንተርኔት የመጣ ነው» የሚለው የዊንዶውስ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። የአድሚን መብት የሌለው አካውንት ላይም ጉዳቱን ይሠራል፤ ሉማ የተባለውን ቫይረስ የመሰሉ ሰራቂዎች የሚፈልጉት ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጠ የይለፍ ቃልና ኩኪ (ሳይቱ አንተን አስታውሶ ሳይጠይቅ የሚያስገባበት ፋይል) ነው፣ ሁለቱም በሠራተኛው በራሱ አካውንት ሥር ነው ያሉት። በግንቦት ወር 2025 ማይክሮሶፍትና የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የዚህን የሉማ ቫይረስ መሠረተ ልማት መትተዋል፤ ዘዴው ግን በሌሎች እጅም ስላለ አልጠፋም። በፋይል ኤክስፕሎረር የአድራሻ መስመር ላይ ፔስት የሚያስደርግ፣ ማክ ላይ ደግሞ ተርሚናል የሚያስከፍት ዓይነትም አለ።

ለሠራተኞችህ የምትነግራቸው ነገር ይህች ናት፦ ምንም ድረ ገጽ ከብራውዘሩ ውጭ ሄዳችሁ አንድ ነገር ፔስት አድርጉ ካላችሁ ዝጉት። እውነተኛ የሮቦት ማረጋገጫ ሥራውን ሁሉ የሚጨርሰው ገጹ ውስጥ ነው። ክሊፕቦርዱ ላይ ምን እንዳለ ማየት ለፈለገ ኖትፓድ ላይ ፔስት ማድረግ ነው፣ እዚያ ምንም ነገር አይነሳም።

ኢንተር ተብሎ ከሆነ ደግሞ በቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ ማሽኑን ከኔትወርክ ንቀል። ቀጥሎ *ከሌላ* ማሽን ወይም ስልክ የይለፍ ቃሎቹን ቀይር፣ ከኢሜይሉ ጀምር። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻ አይበቃም፤ የተሰረቀው ኩኪ ከሆነ ሌባው ሳይጠየቅ ገብቶ ነው ያለው፣ ስለዚህ በየአካውንቱ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ተጠቀም። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ማሽኑ ላይ ካለ ከስልክ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብተህ ሌሎቹን ሴሽኖች በሙሉ ቁረጥ። ማሽኑን ስካን አድርጎ ከመመለስ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል የቆየ ዘዴ ሊኑክስ ለምትጠቀሙም አለ፤ ገጽ ላይ የሚታየው ትእዛዝና ኮፒ የሚሆነው ትእዛዝ ሊለያይ ይችላል፣ መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር ካለበት ደግሞ ኢንተር ሳትሉ ይነሳል። ባሽ (የሊኑክስ ትእዛዝ መቀበያ) ከ5.1 ወዲህ የተለጠፈውን ያለ ኢንተር አያስነሳም። ከዚያ በታች ከሆናችሁ መጀመሪያ ጽሑፍ አርታኢ ላይ ለጥፋችሁ አንብቡት።

ቢሮ_አይቲ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ማሽኖቹን ሁለት ሦስት ሰው ይጋራቸዋል፤ አንዱ ኮፒ ያደረገውን ሌላው ያገኘዋል? እና ሠራተኞቹ የቴሌብር መልእክትና የማረጋገጫ ኮድ ከስልካቸው ላይ ኮፒ ስለሚያደርጉ አንድሮይድ ላይስ ነገሩ እንዴት ነው?

ፊደል_በስልክ

ስልኩን እኔ ልመልስ። አንድሮይድ ክሮም ላይ ሴቲንግስ፣ የሳይት ሴቲንግስ፣ ክሊፕቦርድ ነው፤ ከኮምፒዩተሩ ያጠረ መንገድ ነው። የክሮም ሴቲንግ የሚሠራው ክሮም ላይ ብቻ መሆኑን ግን አትርሱ። ሌላ መተግበሪያ ላይ ሊንክ ተጭናችሁ ገጹ እዚያው መተግበሪያው ውስጥ ከተከፈተ ሌላ ብራውዘር ሊሆን ይችላል፤ ከሦስቱ ነጥቦች «በክሮም ክፈት» የሚለውን ምረጡ።

ከድረ ገጾቹ ይልቅ ስልክ ላይ የሚያሳስቡት አፖቹ ናቸው። ከአንድሮይድ 10 (2019) ጀምሮ ከኋላ ያለ አፕ ክሊፕቦርድ ማንበብ አይችልም። የሚችሉት ከፊት የተከፈተው አፕ እና *ነባሪ ኪቦርድ የሆነው አፕ* ናቸው። ይህቺን ሁለተኛዋን የአማርኛ ጸሐፊዎች በደንብ ልናስብባት ይገባል። ብዙዎቻችን ለግእዝ ፊደል ብለን የማን እንደሆነ ያላጣራነውን ኪቦርድ ከፕሌይ ስቶር ወይም ቴሌግራም ላይ ከተላከ ኤፒኬ ጭነን ነባሪ አድርገነዋል። ያ አፕ የምንጽፈውን ፊደል ሁሉ ያያል፣ ኮፒ ያደረግነውንም ከፈለገ ያነባል፤ ለዚህ ተጨማሪ ፈቃድ አይጠየቅም። የጉግል ኪቦርድ የሆነው ጂቦርድ አማርኛ አለው፤ የሌላ ኪቦርድ አቀማመጥ የለመደ ሰው ቢያንስ የአፑን ባለቤትና የግላዊነት መግለጫውን ይመልከት፣ በኤፒኬ የመጣውን ግን ያንሳው። የባንክ የይለፍ ቃል ስትጽፉ ብቻ ኪቦርድ እየቀያየራችሁ ብትሠሩ የጻፋችሁት ፊደል ይድናል፤ ኮፒ የተደረገው ግን ያኛው ኪቦርድ ሲመለስ አሁንም ክሊፕቦርዱ ላይ ካለ ይነበባል።

አንድሮይድ 12 ላይ አንድ አፕ ክሊፕቦርዱን ሲያነብ ከታች አጭር ማሳወቂያ ይወጣል፤ ካልወጣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ «የክሊፕቦርድ አጠቃቀምን አሳይ» የሚለውን አብሩት። አንድሮይድ 13 ደግሞ የተቀዳውን ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ በራሱ ያጠፋዋል። ጂቦርድም የራሱ ክሊፕቦርድ አለው፣ ፒን ያልተደረገውን ለአንድ ሰዓት ይይዛል። የማረጋገጫ ኮድ ከተጠቀማችሁበት በኋላ እዚያው ገብታችሁ ብታጠፉት ጥሩ ነው። ስድስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ግን ኮፒ ባይደረግስ? በእጅ መጻፉ ይቀላል።

አይፎን ያለው ሠራተኛ ካለ፣ ከ16.1 ጀምሮ በሴቲንግስ የየአፑ ገጽ ላይ «ከሌሎች አፖች ፔስት» የሚል አለ፦ ጠይቅ፣ ከልክል፣ ፍቀድ። አፑ አንዴ ለማንበብ ሞክሮ ካላወቀ መስመሩ አይታይም።

ሰርቨር_ጠባቂ

የጋራ ማሽኖቹን በተመለከተ፦ በአንድ የዊንዶውስ አካውንት ከሆነ የሚጋሩት አዎ፣ ያገኘዋል። የዊንዶውስ ቁልፍና ቪ ተጫንና እየው። ታሪኩ ከተከፈተ እስከ 25 የተቀዱ ነገሮች ይይዛል፣ እያንዳንዱ እስከ 4 ሜጋባይት። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ፒን ያልተደረገው ይጠፋል፤ ብዙ ቢሮ ግን ማሽኑን ሳያጠፋ ስክሪኑን ብቻ ዘግቶ ስለሚሄድ የጠዋቱ የይለፍ ቃል ማታም እዚያው ነው። በብራውዘሩ ኢንኮግኒቶም አትተማመን፤ እዚያ ውስጥ ኮፒ የተደረገውም የሚሄደው ወደዚሁ የጋራ ክሊፕቦርድ ነው።

ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ክሊፕቦርድ ውስጥ ታሪኩንም በመሣሪያዎች መካከል ማመሳሰሉንም አጥፋ። ማመሳሰሉ ከተከፈተ የቢሮው ቅጂ በዚያው የማይክሮሶፍት አካውንት ወደ ተከፈተ የቤት ላፕቶፕ ይሄዳል። ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ማሽኖችን ሕግ በአንድ ቦታ የሚያስቀምጡበት መሣሪያ) ካለህ ኮምፒዩተር ኮንፊጉሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ሲስተም፣ ኦኤስ ፖሊሲስ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ለይለፍ ቃል ግን ክሊፕቦርዱን አለመንካት ይሻላል፤ ራሱ የሚሞላ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ስጣቸው። ኮፒ ማድረግ የግድ ከሆነ ኪፓስኤክስሲ የተባለው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ በነባሪው ከ10 ሰከንድ በኋላ ክሊፕቦርዱን ያጸዳል።

ክሮምን በየማሽኑ ከመዞር በፖሊሲ ዝጋው። የክሮምን የፖሊሲ ቴምፕሌት ከጫንክ በኋላ «ዲፎልት ክሊፕቦርድ ሴቲንግ» የሚለውን ወደ 2 አድርግ፣ 2 ማለት ለሁሉም ከልክል ነው፣ 3 ማለት ጠይቅ። የሪሞት ዴስክቶፑን አድራሻ የተፈቀዱ ሳይቶች ዝርዝር ውስጥ ብቻ አስገባ። የክሮምን የፖሊሲ ገጽ ከፍተህ ፖሊሲው መድረሱን አረጋግጥ፤ ካልታየ «ፖሊሲዎችን እንደገና ጫን» በለው።

«ረን» ሳጥኑንም በግሩፕ ፖሊሲ ማንሳት ትችላለህ፤ ዩዘር ኮንፊጉሬሽን፣ ስታርት ሜኑና ታስክባር ውስጥ ነው፣ የዊንዶውስ ቁልፍና አርንም አብሮ ያጠፋል። ለሒሳብ ሠራተኞች ብዙም የሚጎድላቸው ነገር የለም። በዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስ ተርሚናል የሚያስከፍተውን ዓይነት ግን ይህ ስለማይከለክል፣ ፓወርሼል ለማያስፈልገው አካውንት እሱንም በአፕሎከር (የትኛው ፕሮግራም እንደሚነሳ የሚወስን የዊንዶውስ መሣሪያ) መዝጋት አለብህ።

ዌብ_ገንቢ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኤክስቴንሽኖች። ከላይ ያልነው ፈቃድ ሁሉ ለድረ ገጽ ነው። ኤክስቴንሽን ሲጫን «ኮፒና ፔስት የምታደርጋቸውን ነገሮች ማንበብ» የሚል መስመር ካሳየና ከተፈቀደለት ያቺ የክሮም ሴቲንግ አታግደውም። የየማሽኑን የኤክስቴንሽን ገጽ ክፈትና «ዝርዝር» የሚለውን እየተጫንክ እየው። የስክሪን ፎቶ አንሺ ወይም የትርጉም ኤክስቴንሽን መጻፍ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ማንበብ የሚጠይቀውን ግን ለምን እንደሚፈልግ ካልገባህ አውጣው።

ቢሮ_አይቲ

ፖሊሲውን ዛሬ አስገብቼ በፖሊሲ ገጹ ላይ 2 ሆኖ አየሁት። ሰነድ ቀያሪው ሳይት ላይ የራሱ የፔስት በተን ቆሟል፣ በኮንትሮል + ሺፍት + ቪ ግን ይሠራል። ኪቦርዶቹን ነገ እያንዳንዱን ስልክ አያለሁ።